አዳማ፦ የፑሚስ ካባ የጎርፍ ማቆያ ኩሬ፣ ሁለተኛ እንቆፍር ወይስ ያለውን እናስተካክል?

የካባው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለ የፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና የሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ካባ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የጎርፍ ማቆያ ኩሬዋን መላ ማበጀት አለብን። ያለውን ሁኔታ ከነቁጥሩ ላስቀምጥ።

ወደ ኩሬዋ የሚወርደው ውሃ ከ14 ሄክታር ላይ ነው። 9ኙ የራሳችን ነው፤ ቤንቹ (በደረጃ የተቆረጠው የካባው ግድግዳ)፣ መጫኛው ሜዳና የመኪናው መንገድ። 5ቱ ከካባው በላይ ያለ ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ኮረብታ ነው። ኩሬዋ ከላይ 40 በ30 ሜትር፣ ጥልቀቷ 2.5፣ ጎኗ 1 ለ 2 ተዳፋት (1 ወደ ታች፣ 2 ወደ ጎን)። አሁን ግን 1 ሜትሩ ደለል ነው። በታች በኩል 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አለ፤ ዶዘር የገፋው አመድና ፑሚስ ነው፣ በንብርብር አልተጠቀጠቀም። በግድቡ ውስጥ 400 ሚሜ የኮንክሪት ቱቦ ያልፋል። ጫፉ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቁም ቱቦ ቆሞ በጂኦቴክስታይል (በማጣሪያ ጨርቅ) ተጠቅልሏል። ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መፍሰሻ) የሚባል ነገር የለም። ሲሞላ በግድቡ ዝቅ ባለው ጥግ ይፈሳል።

ችግሮቹ፦ ጨርቁ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዝናብ ይደፈናል። ተንሳፋፊው ፑሚስ በግድቡ ላይ አልፎ ታች ያለ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ይገባል። የቱቦው መውጫ ዙሪያ ደግሞ ኩሬዋ ውሃ ሲኖራት ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

አለቆች ከታች ይህችኑ የምታህል ሁለተኛ ኩሬ ቆፍሩ ብለዋል። ትክክል ነው?

---

ውሃ ልክ

ሁለተኛ ኩሬ አትቆፍሩ። መጀመሪያ የእናንተ ያልሆነውን ውሃ ወደ ካባው እንዳይገባ አድርጉ። ከኮረብታው የሚመጣው በአንጻሩ ንጹህ ነው። በእናንተ አቧራ ላይ ከተንከባለለ በኋላ ግን የእናንተ ጭቃ ነው፤ ማጠራቀሚያም ማጽጃም ታወጡለታላችሁ።

ስለዚህ ከካባው አፍ በላይ መቀልበሻ ቦይ። ከቤንቹ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ከጠርዙ ሥር ከሄደ ውሃው በልቅ ፑሚስ ውስጥ ሰርጎ ግድግዳውን ይንደዋል። መጠኑን ለማውጣት፦ ለሣርና ቁጥቋጦ የፍሰት ንጽጽሩን (ከዝናቡ ጎርፍ የሚሆነውን ድርሻ) 0.35፣ የዝናቡን ጥንካሬ ለስሌት ያህል በሰዓት 80 ሚሜ እንውሰድ። 0.35 × 80 × 5 ÷ 360 = በሰከንድ 0.39 ሜትር ኩብ። ይህ 80 የኔ ምሳሌ ነው። ትክክለኛውን ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ዲዛይን ማንዋል ላይ ለአካባቢያችሁ የዝናብ ክልል ከተሠራው ኩርባ አንብቡና ተኩ።

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ቶሎ ይቆፈራል፣ ቦታም አይፈጅም። የወለሉ ስፋት 0.5 ሜትር፣ ተዳፋቱ 0.5 በመቶ ከሆነ ግን ውሃው በሰከንድ 0.9 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የአዳማ አመዳማ አፈር ይህን አይችልም፤ በአንድ ክረምት ቦይው ገደል ይሆናል። ወለሉን 1 ሜትር፣ ጎኑን 1 ለ 2፣ ተዳፋቱን 0.3 በመቶ አድርጉት። በ35 ሳንቲ የውሃ ጥልቀት 0.41 ሜትር ኩብ ያሳልፋል፣ ፍጥነቱም ከ0.7 አይበልጥም። 20 ሳንቲ ትርፍ ከፍታ ጨምራችሁ 55 ሳንቲ ቆፍሩ። ተዳፋቱን በዓይን ግምት አትውሰዱት፤ 0.3 በመቶ ማለት በ100 ሜትር 30 ሳንቲ ነው፣ በሌቭል (በቀያሽ መሣሪያ) ብቻ ነው የሚያዘው። ቁልቁል መሆን ግድ የሆነበት ቦታ ላይ በድርድር ድንጋይ ወይም በክትር ደረጃ በደረጃ አውርዱት።

አሁን ወደ ኩሬዋ። በምሳሌ በ24 ሰዓት 75 ሚሜ የሚጥል ዝናብ እንያዝ። ለተራቆተና ለተደለደለ መሬት፣ መካከለኛ ስርገት ላለው አፈር፣ ከርቭ ነምበሩ (ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የሚሰላበት ቁጥር) 86 ነው። በዚህ ከ75ቱ 41 ሚሜው ጎርፍ ይሆናል። በ9 ሄክታር 3,700 ሜትር ኩብ ነው። ለደለል ደግሞ በሄክታር 250 ሜትር ኩብ ቦታ እንያዝ፤ 2,250። ድምሩ 5,950 ሜትር ኩብ። ኮረብታውን ሳትቀለብሱ በ14 ሄክታር ብትሠሩት ከ9,200 በላይ ይወጣል። ኮረብታው ሣር ስላለው እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያንሳል፣ ቢሆንም ቦይው ከማንኛውም ቁፋሮ ይረክሳል።

የእናንተ ኩሬ ደለሏ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ 2,200 ትይዛለች። ደለሉ እንዳለ ግን 1,500 ብቻ። ስለዚህ ሰፊ ጉድለት አለ። ግን ከታች በሌላ ግድብ አይደለም የሚሞላው።

አንደኛ፣ ማዕድኑ ወጥቶ ያለቀበት የካባው ወለል። 4,000 ካሬ ሜትር ካላችሁ ወለሉን 1 በመቶ ወደ ውስጥ አዘንብላችሁ፣ ዳር ዳሩን በ80 ሳንቲ ክምር ከልላችሁ፣ በአማካይ 50 ሳንቲ ውሃ ብታቆዩ 2,000 ሜትር ኩብ አገኛችሁ። መውጫው 200 ሚሜ ቱቦ ከጌት ቫልቭ ጋር ይሁን። ከረጅም ግድግዳ ሥር ግን አይሁን፤ የግድግዳው እግር ሲርስ ይሸሻል።

ሁለተኛ፣ የቀረውን 1,750 ኩሬዋን ወደ ላይኛው በኩል በማስረዘም። ኩሬዋ በወርዷ ብትቆረጥ የቁራጩ ስፋት 62.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ 28 ሜትር ብታስረዝሟት ይሞላል። 68 በ30 ትሆናለች። ጥቅሙ ቦታ ብቻ አይደለም። አሁን ርዝመቷ ከወርዷ 1.3 እጥፍ ነው፤ ውሃው ከመግቢያው ቀጥታ መውጫው ላይ ይደርሳል፣ ጥግ ጥጉ ያለው ውሃ ዝም ብሎ ይቆማል። ቢያንስ 2 ለ 1 ያስፈልጋል። ከላይ በኩል የምትቆፍሩት ደግሞ ነባር መሬት ውስጥ ስለሆነ ግድብ የሚባል ጣጣ የለበትም።

---

ጭቃ ሹም

ውሃ ልክ ያለውን እቀበላለሁ፤ ግን መውጫዋ ካልተቀየረ 6,000 ሜትር ኩብም ብትቆፍሩ ያው ናችሁ።

ጂኦቴክስታይሉን አውልቁት። የፑሚስ ዱቄት የእሳተ ገሞራ መስተዋት ስባሪ ነው። ሹልና ጠፍጣፋ ስለሆነ በጨርቁ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል፣ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ የምታህል ቂጣ ይጋግራል፣ ከዚያ በኋላ ጠብታ አያልፍም። ጨርቁን በጠጠር መክበብም ያው ነው፤ መደፈኑን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ኩሬ የሚሠራው በማዝቀጥ ነው፣ በማጣራት አይደለም።

በሌላ አገር ካባዎች ውሃውን ከላይ ከላይ የሚቀዳ ተንሳፋፊ መቅጃ ይመከራል፤ ንጹሁ ውሃ ላይ ነውና። እዚህ ግን ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ራሱ ቆሻሻው ነው። ፑሚስ ውስጡ አየር ነው፤ ውሃ ጠጥቶ እስኪሰጥም ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ከላይም ከታችም አይቀዳም፣ ከመሃል ነው።

የኩሬዋን ልክ በወለሏ ከፍታ ልጻፈው፣ የተሰጠውን 68 በ30 ይዤ። ከወለል እስከ 1.6 ሜትር ለደለል ነው (2,250 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል)። ከ1.6 እስከ 2.5 የሚሞላና የሚጎድል ውሃ ነው (1,680)። ቁሙን ቱቦ በ600 ሚሜ የኮንክሪት ቀለበት ተኩት። ቀዳዳ የሌለው ይሁን። 1.6 ሜትር ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሱና የፒቪሲ ኤልቦ ወደ ታች አዙራችሁ ግጠሙበት። አፉ ከቀዳዳው 40 ሳንቲ ዝቅ ብሎ 1.2 ሜትር ላይ ይሆናል። ውሃው 1.6 ሲደርስ ፍሰቱ ይቆማል፣ የኤልቦው አፍ ግን ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው፤ ተንሳፋፊው ሊገባበት አይችልም። ደለሉ ደግሞ አፉ ጋ ከመድረሱ በፊት ትዛቃላችሁ።

የቀዳዳው ስፋት ዋናው ነገር ነው። 75 ሚሜ ከሆነ የኩሬዋን 1,680 ለማስወጣት 84 ሰዓት፣ 100 ከሆነ 47፣ 125 ከሆነ 30፣ 150 ከሆነ 21 ሰዓት ይፈጃል። ትንሹ ለማዝቀጥ የተሻለ ይመስላል። ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ በየከሰዓቱ ነው። በአራት ቀን የምትጎድል ኩሬ ሁልጊዜ ሙሉ ናት፤ ለሚቀጥለው ጎርፍ የሌለች ያህል ነው። 125 ውሰዱ። ኩሬዋ ከጎደለች በኋላ የወለሉን ቫልቭ ከፍታችሁ 2,000ውን ብታወርዱ ሁሉም በሦስት ቀን ውስጥ ያልቃል። ለማዝቀጥም አትስጉ። በ125 ቀዳዳ ከፍተኛው ፍሰት በሰከንድ 31 ሊትር ነው። 0.02 ሚሜ የሆነች ቅንጣት በሰከንድ 0.3 ሚሜ ገደማ ትሰምጣለች። ለዚህ ፍሰት ከ130 ካሬ ሜትር ያነሰ የውሃ ገጽ ይበቃል፣ እናንተ 1,700 አላችሁ። የፑሚስ ዱቄት ከተራ አፈር ቀላል ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሰምጠው፤ ቢሆንም ትርፉ ብዙ ነው።

የቁሙ ቱቦ አናት 2.5 ላይ ክፍት ሆኖ ከፌሮ የተበየደ ፍርግርግ ይደረግበት። በዙሪያው 1 ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቆብ፣ ከአናቱ 30 ሳንቲ ወደ ታች የሚወርድ። ቆቡ ከላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከሌለው ውሃው አየር እየሳበ ይንቀጠቀጣል፣ ብየዳውን ይፈታዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ባዶ ቁም ቱቦ ውሃ ሲከበው ይንሳፈፋል። 2.5 ሜትር ቁመት ያለው፣ በውጭ 70 ሳንቲ የሆነ ቀለበት 960 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ የራሱ ክብደት ግን 610 ገደማ ነው። ሥሩ ላይ 1.2 በ1.2፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ የሆነ ኮንክሪት አፍስሱና በፌሮ ከቀለበቱ ጋር እሰሩት። የኮንክሪቱ መንሳፈፍ ከግፊቱ ጋር ተደምሮ እንኳ ጠቅላላ ክብደቱ ከግፊቱ 1.3 እጥፍ ይሆናል።

ከቁሙ ቱቦ 6 ወይም 7 ሜትር ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሩ። ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካኖች ይታሰሩበት፣ ከሥራቸው 40 ሳንቲ ሽቦ ወንፊት ይንጠልጠል። ፑሚሱ እዚያ ይጠራቀምና ውሃው ሲጎድል ዳር ላይ ይቀመጣል፤ በአካፋ ነው የሚነሳው። ሌላው ካባ ሊሸጠው የሚችለውን ነው ወደ ሽንኩርት ማሳ የምትልኩት!

---

ገረጋንቲ

እኔን ያሳሰበኝ ማንም ያልነካው የቱቦው መውጫ ዙሪያ ያለው እርጥበት ነው። ከኩሬው ስፋትም ከፑሚሱም በፊት እሱን እዩ።

ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ንጹህ ነው ወይስ ድፍርስ? ነጭ ሰሃን ወይም ግልጽ የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩ አስቀምጡና ከሞላ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሥሩ ላይ ዝቃጭ ካልተቀመጠ ተራ ስርገት ነው፤ በሳምንት አንዴ እየለካችሁ መከታተል ይበቃል። ዝቃጭ ከተቀመጠ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ውሃው በቱቦው ዙሪያ ያለውን አፈር እየወሰደ ከመውጫው ወደ ኋላ ዋሻ ይቆፍራል። ዋሻው ኩሬው ጋ የደረሰ ቀን ግድቡ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሮለር ከቱቦው ሥር አይገባም። በቱቦው ሆድ በሁለቱም ጎን ያለው ቦታ ሳይጠቀጠቅ ይቀራል። የእናንተ ግድብ ደግሞ ከመጀመሪያውም አመድ ነው።

ግድቡን ከቱቦው ግራና ቀኝ ክፈቱት፣ ጎኑን ቢያንስ 1 ለ 2 አስተኝታችሁ። ቁልቁል ከቆረጣችሁ አዲሱና አሮጌው አፈር አይያያዙም፣ መገጣጠሚያው ራሱ መሰንጠቂያ ይሆናል። ከሥሩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ወደ ነባሩ መሬት የሚገባ፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ጉድብ ቆፍራችሁ በሸክላማ አፈር ሙሉ። መሃሉም ሸክላማ ይሁን። ፑሚሱና ሬድ አሹ በውጭኛው ፊት ላይ ብቻ። ሮለር በሚገባበት በ15–20 ሳንቲ ንብርብር፣ በቱቦው ዙሪያ በ10 ሳንቲ እየሆነ በእጅ ኮምፓክተር፣ በስታንዳርድ ፕሮክተር (የመጠቅጠቅ የቤተ ሙከራ ልክ) 95 በመቶ። እርጥበቱን ቤተ ሙከራ ባትሄዱም በእጅ ጨብጡት። ተጨብጦ የያዘ፣ ሲጣል ሁለት ሦስት ቦታ የሚሰበር ከሆነ ደህና ነው። የሚፈርሰው ደርቋል፣ እጅ ላይ የሚጣበቀው በዝቶበታል።

ድሮ በቱቦው ላይ የኮንክሪት አንገት ያስሩ ነበር። እኔ አልመክረውም፤ አንገቱ ራሱ መጠቅጠቂያውን ያግዳል። ይልቁንስ ከግድቡ መሃል ወደ ውጭ ባለው ሦስተኛ ላይ ቱቦውን በንጹህ የወንዝ አሸዋ ክበቡት። ውፍረቱ 90 ሳንቲ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ የቱቦውን ስፋት ሦስት እጥፍ (ለእናንተ 1.2 ሜትር)። ከዚያ በጠጠር ቦይ ወደ ግድቡ እግር ይውጣ። ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ግን አሸዋው ጋ ይቀራል። ሬድ አሽ እዚህ አይሠራም፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ጥሩውን አፈር ያሳልፈዋል።

ድፍርስ ውሃ ክረምት መሃል ከታየ ደግሞ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ለመድፈን አትሞክሩ። ከዚህ ከደፈናችሁት በሌላ ይወጣል። ኩሬውን በፓምፕ አጉድሉ፤ መውጫው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ጫኑበት።

ሌላም አለ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያላችሁት። በአዳማና በወንጂ ዙሪያ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ሲሰነጠቅ ይታያል፤ ስንጥቆቹ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚሄዱት። ኩሬዋን ከማስረዘማችሁ በፊት ያንን 28 ሜትር በእግር ሂዱበት። በአንድ መስመር የተሰለፉ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ ወይም ድንገት የሰመጠ ቦታ ካያችሁ ቦታ ቀይሩ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ላይ ውሃ ማቆም አፉን መክፈት ነው።

---

የካባው ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ሞክረነው ነበር፤ ኩሬዋ ደረቅ ስለሆነች የሚሞላ ውሃ አልተገኘም። የበልጉን ዝናብ እንጠብቃለን።

ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። (1) ለግድቡ መሃል ቅርብ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ ቡናማ ሸክላማ አፈር ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። (2) ማስተንፈሻውን የት? በግራ በኩል የግድቡ ሙሌት ነው፣ በቀኝ በኩል ነባር ጠንካራ መሬት አለ። (3) ወለሏን በጂኦሜምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ) ሸፍኑ ያለን አለ። ውሃው ካልጠራ አሉም (ድፍርስ የሚያዘቅጥ ጨው) እንጨምርም የሚል አለ።

---

ገረጋንቲ

(1) ቡናማውን አምጡ። ጥቁር አፈር በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ይገባል። ሌላ ከሌለ ብቻ ከታች በእርጥበት በሚቆይበት ክፍል ተጠቀሙበት፣ ላዩን 50 ሳንቲ በሌላ አፈር ሸፍናችሁ። ቡናማውንም ከማመላለሳችሁ በፊት አተር የምታህል ደረቅ ጓል በብርጭቆ ንጹህ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ የባትሪ ውሃ (አሲዱ ሳይሆን የተጣራው ውሃ) ይሻላል። ሳትነኩት አንድ ሰዓት። ጓሉ ተበትኖ ቢቀመጥ ችግር የለውም። በዙሪያው እንደ ጭስ ያለ ደመና ከተነሳና ካልወረደ አፈሩ በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ ለግድብ አይሆንም።

(3) ጂኦሜምብሬን ለምን? ውሃው ጭቃ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። ወለሉ የሚያሰርገው ሁሉ ነጻ ማጠራቀሚያ ነው። ኤክስካቫተር ደለል ሲዝቅ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይቀደዋል።

---

ውሃ ልክ

ማስተንፈሻው በቀኝ፣ ያለ ክርክር። በሙሌት ላይ ማስተንፈሻ አይሠራም፣ ኮንክሪት ቢለብስም። ሙሌቱ ሲሰጥም ኮንክሪቱ ከሥሩ ባዶ ይቀራል።

ለማስተንፈሻው ከኩሬው የሚበልጥ ዝናብ ያዙ። በሰዓት 100 ሚሜ ብንል፣ የፍሰት ንጽጽሩ ለተራቆተ ካባ 0.6፣ በ9 ሄክታር፣ በሰከንድ 1.5 ሜትር ኩብ። በ30 ሳንቲ የውሃ ከፍታ እያንዳንዱ ሜትር ስፋት 0.28 ያሳልፋል፤ 5.4 ሜትር፣ 6 አድርጉት። አፉ 2.5 ላይ፣ በሌቭል የተስተካከለ። አንዱ ጥግ 5 ሳንቲ ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ እዚያ ይሰበሰብና ይቆፍራል። ከሥሩ ጠጠር ንብርብር፣ ላዩ ላይ 20–30 ሳንቲ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ድርድር። ፑሚስ ድንጋይ አትደርድሩ (ይህን ማለት የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ግን ይደረጋል፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ተንሳፎ ይሄዳል)።

የግድቡ አናት ከማስተንፈሻው አፍ 60 ሳንቲ በላይ ይሁን፤ 30ው ለሚያልፈው ውሃ፣ 30ው ትርፍ። ስለዚህ 3.1 ሜትር። መስመጡን አስባችሁ 10 በመቶ ጨምሩና 3.4 ላይ ጨርሱ። የአናቱ ስፋት ቢያንስ 2.4 ሜትር።

---

ሰፈሬ ቦኩ

አሉሙን በተመለከተ፦ ሳትለኩ አትጨምሩ። መጀመሪያ ድፍርሱ ምን እንደሆነ እወቁ። ከመውጫው የተቀዳ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ነቅንቃችሁ አስቀምጡ። 0.02 ሚሜ የሆነው 1 ሜትር ለመስመጥ 55 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.002 የሆነው ሸክላ ግን መቶ እጥፍ፣ አራት ቀን ያህል። ጠርሙሱ በአንድ ሰዓት ከጠራ አሉም አያስፈልግም፤ ችግሩ የኩሬዋ ቅርጽ ነው። በማግስቱም ድፍርስ ከሆነ ሸክላ ነው፣ ያኔ አሉም ይታሰባል።

ለሙከራው 10 ግራም አሉም በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙ። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ድፍርስ ላይ ሲገባ 10 ሚሊ ግራም ነው። አምስት ጠርሙስ ደርድሩና 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ በኃይል፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የጠራው ትንሹ መጠን ነው የእናንተ። አሉም ውሃውን አሲዳማ ያደርጋል፤ ፒኤች ከ6.5 በታች ከወረደ መጠኑን ቀንሱ ወይም ኖራ ጨምሩ። ታች የሚያጠጣ ገበሬ አለ፣ ቦይው መጨረሻው አዋሽ ነው። አሉሙ ኩሬው መሃል አይደለም የሚጣለው፤ መግቢያው ላይ፣ ውሃው በሚናወጥበት ቦታ እየተንጠባጠበ ነው።

ሌላው፣ ከ1.6 በታች ያለው ውሃ ቆሞ የሚቀር ነው። ወለሉ በዱቄት ሲደፈን ደግሞ አይሰርግም። ወባ ባለበት አካባቢ ከሳምንት በላይ የቆመ ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል። ከመስከረም ጀምሮ በፓምፕ አውጡት። አጥርም ይኑር፤ ጎኑ ለስላሳ ደለል ስለሆነ የገባ ልጅ በራሱ አይወጣም።

---

ጭቃ ሹም

ማጽዳቱን ላክል። ኩሬዋ መግቢያ አጠገብ የብረት ቱቦ ተከሉና 90 ሳንቲ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡት። ደለሉ እዚያ ሲደርስ ከ2,250ው ግማሹ ሞልቷል ማለት ነው፤ ያኔ ይዛቃል። ይህም 1,100 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሲኖው 16 ሜትር ኩብ ቢይዝም እርጥብ ደለል ሙሉ አይጫንም፣ መንገድ ላይ ይደፋል። በ10 አስቡት፤ 110 ምልልስ። ለዚህ በጀት ሳይያዝ ኩሬ ተሠራ አይባልም።

የወጣው ደለል ከኩሬዋ በላይ አይከመር። ያለቀ ወለል ላይ በ30 ሳንቲ ውፍረት ዘርጉት፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ቤንቹን መልሶ ለመሙላት ይሆናል።

ይህንን ሁሉ ደለል የሚያመነጨው ደግሞ ቤንቹ አይደለም፣ የመኪናው መንገድ ነው። ሲኖዎቹ ፑሚሱን ወደ ዱቄት ይፈጩታል። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ያ ዱቄት ሁሉ በአንድ ቀን ይወርዳል። በየ30–40 ሜትሩ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጉብታ ሥሩ፣ 30 ሳንቲ ከፍታ በቂ ነው። እያንዳንዱ የሚያወርደውን ውሃ 2 በ2፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ተቀበሉት። ሎደሩ በየአርብ ያወጣዋል። መጫኛው ሜዳ ላይ ደግሞ ከፑሚስ ይልቅ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ 15 ሳንቲ አልብሱ።

---

የካባው ልጅ

ቡናማውን ጓል ሞከርነው፤ ተበትኖ ተቀመጠ፣ ደመና የለውም። ግድቡን ሰኞ እንከፍታለን። መቀልበሻ ቦይውንም አብረን ከላይ በኩል እንጀምራለን።

---

ውሃ ልክ

ቦይውን ከላይ አትጀምሩ! ከመውጫው ጀምራችሁ ወደ ላይ ቆፍሩ። በመሃል ዝናብ ቢመጣ ከላይ የተጀመረ ቦይ የሰበሰበውን ሁሉ ካባው ውስጥ ይደፋዋል። መውጫው ላይም ገደሉ ጋ ከመድረሱ በፊት 5 ሜትር ያህል ድንጋይ ድርድር ይቅደም።